በአንድ ማኪያቶ አራት ሰዓት

ባሕር ዳር ሐውልት ያላቆመችለት አንድ ጀግና አለ። ጠዋት 2 ሰዓት በጀልባ ወደ ዘጌ ይሻገራል፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ይሳለማል፣ በቡናው ጫካ ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ ያረፍዳል፣ 7 ሰዓት ላይ ወገቡ ድረስ በውሃ ተረጭቶ ይመለሳል። በረራው ማታ 12፡30 ነው። ክፍሉ ግን ከእጁ ወጥቷል። እንግዲህ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ሎቢ ይሰፍራል፤ ቤተሰብ ስድስት፣ ሻንጣ አራት፣ ትእዛዝ አንድ ማኪያቶ።

ቁጠባ ማለት ይህ ነው። «ለሦስት ሰዓት ብዬ አልጋ ልከራይ? ገንዘቤን ጣና ላይ ልበትን?» ይላል። እውነት አለው። ልጆቹ የበሉት ድንች ጥብስ፣ የታሸገው ውሃ፣ ሻንጣ ለጠበቀው ዘበኛ የተሰጠው፣ አስተናጋጁ ሦስተኛ ጊዜ «ሌላ ምን ልታዘዝ?» ሲል በሐፍረት የታዘዘው ክለብ ሳንድዊች ሲደመሩ የክፍሉን ዋጋ ቢያልፉም፣ በአንድ ደረሰኝ ስላልመጡ አይቆጠሩም።

ጥበቡስ! እግርን እጅ መታጠቢያው ላይ ሰቅሎ መታጠብ፣ በሌላኛው ተንጠልጥሎ መቆም፣ ካልሲን በእጅ ማድረቂያው ነፋስ ማድረቅ፣ በሩ ሲንኳኳ «ሰው አለ!» እያሉ ሱሪ መቀየር ቀላል ሙያ አይደለም። ከቀየረ በኋላ እርጥቡን በፌስታል አስሮ ሻንጣው መሐል ያስቀምጠዋል፤ አዲስ አበባ ሲከፈት ንጹሑም ሁሉ ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል። የዘጌን ቡና ከሥሩ ካደረገው ደግሞ መታሰቢያው ሁለት እጥፍ ነው።

ክፍል ያልያዘው ግን በንፉግነት ብቻ አይደለም፤ ጨዋ ስለሆነም ነው። የቅኔ አገር ሰው ነዋ። «አልጋ ለቀን አለ?» ቢል ሰሙ ሻወር ነው፤ ወርቁን እንግዳ ተቀባይዋ፣ ዘበኛውና ከኋላ የቆሙት ሁሉ ለየራሳቸው ይፈቱታል። ሚስቱ ከጎኑ፣ አራት ልጆቹ ከኋላው ቢሰለፉም ስሙ ይጠፋል። ከዚህ ሁሉ እግርን ሰቅሎ መታጠብ ይሻላል።

አላዋቂዎች አሉ መቼም። እነሱ ነገሩን በዋዜማው ይጀምራሉ። ሌላ ሆቴል አይፈልጉም፤ ያደሩበትን «እስከ 10 ሰዓት ብንቆይ ስንት ትጨምራላችሁ?» ይላሉ። ክፍሉ እንደገና ስለማይጸዳ፣ አንሶላም ስለማይቀየር ጭማሪው አዲስ ክፍል ከመያዝ ይረክሳል። ሆቴሉ እንግዳ ከበዛበት ደግሞ ስድስት ሆነው ሦስት ክፍል አይጠይቁም፤ ለሁሉም ተራ በተራ አንድ ሻወር ይበቃል። ዋጋውን ከነቫቱና ከነሰርቪሱ ነው የሚጠይቁት፤ 1,000 ብር የተባለው 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከልበት 1,265 እንደሚሆን ያውቃሉ።

የማይጠየቅም ይጠይቃሉ። «ውሃ አለ?» አይሉም፤ መልሱ ምንጊዜም «አለ» ነውና ገብተው ቧንቧውን ይከፍቱታል። ቦይለሩ ባለ 50 ሊትር፣ 1,500 ዋት ከሆነ ቀዝቃዛው ውሃ እስኪሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ደግሞ ማብሪያው ይጠፋል። ስለዚህ ከዘጌ ጀልባው ሲነሣ ደውለው «አብሩልን» ይላሉ፤ ሐይቁን አቋርጠው እስኪደርሱ ውሃው እየሞቀ ይቆያል። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ቦይለሩን ይሸከም እንደሆነም አስቀድመው ያጣራሉ። ሰው ከሽርሽር ሊመለስ ነው ወይስ ሆቴል ሊገዛ?

በሰዓትም አይታለሉም። የእኛ ጀግና ሪሴፕሽኑ ላይ «መውጫ 12፡00» የሚል አንብቦ «እስከ ማታ ድረስ ነው እኮ!» ብሎ ወደ ጀልባው የሄደ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሻንጣው ኮሪደር ወጥቶ ጠበቀው። ትኬቱ 18፡30 ሲል ማታ 12፡30 መሆኑን ያወቀውም ከሦስት ሰው ጠይቆ ነው። አላዋቂዎቹ ግን 10 ሰዓት ላይ ከክፍል ወጥተው፣ ወደ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሄድና ለፍተሻ ጊዜ ይተርፋቸዋል። ፊታቸው ታጥቧል፣ ስልካቸው ሞልቷል፣ ልጆቹ ሁለት ሰዓት ተኝተዋል። ምን ያስደስታል?

ጀግናው አሁንም ሎቢ ነው። ትንሹ ልጅ ሶፋው ላይ ተኝቶበታል፣ ትልቁ ብቸኛዋን ሶኬት ይዞ አልለቅም ብሏል። የማኪያቶው አረፋ ደርቆ ብርጭቆው ላይ ተጣብቋል፤ ቢነሣ ወንበሩ ይወሰድበታልና አስተናጋጁ እንዳያነሣው በእጁ ከልሎታል። 11 ሰዓት ላይ ባጃጅ ይሮጥለታል። ፍተሻው ጋ ሲደርስ ፈታሹ ሻንጣውን ተቀብሎ በትሕትና ዝቅ ብሎ ወደ እግሩ ያያል።

«አባባ፣ ጫማዎን ያውልቁ።»