ሰባት ዘፈን ካለህ ሰባቱን አውጣ

እኛ ዲሲና ቨርጂኒያ ያለን አበሾች ቤዝመንት ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳንም፣ ስንቱ ከአገር ሲመጣ ኑሮ የጀመረው እዛ ነው። ፉጋዚ የሚባለው የዲሲ ሮክ ባንድም የመጀመሪያ ስራውን የቀዳው በ1988 እዚሁ አርሊንግተን፣ ዶን ዚየንታራ የሚባል የስቱዲዮ ሰው ቤቱ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ሰባት ዘፈን፣ በቃ። ኢፒ ይሉታል፣ ከነጠላ ዜማ በለጥ ከአልበም አነስ ያለ።

እስቲ የመጀመሪያውን ዘፈን ስሙት። ቤዝ ጊታሩ ብቻውን ይነሳል፣ ሌላው ተከትሎ ይገባና ሞቅ ሊል ሲል ድርግም! ስልክህ የቆመ ነው የሚመስልህ፣ ከዛ እንደገና ይፈነዳል። ጋይ ፒቾቶ የሚባለው በኋላ በጊታሩ የታወቀው የባንዱ ልጅ እዚህ ስራ ላይ ጊታር አልተጫወተም፣ ሲዘፍን ብቻ ነው የምትሰማው።

ያሳተመው ዲስኮርድ የሚባል የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ነው፣ የባንዱ ኢያን መካይ ከጓደኛው ከጄፍ ኔልሰን ጋር በ1980 የመሰረተው። ከባንዶቹ ጋር የወረቀት ኮንትራት የለም፣ ትርፉን ይካፈላሉ። ፉጋዚዎች ደግሞ ኮንሰርታቸውን ብዙ ጊዜ በ5 ዶላር ነበር የሚያሳዩት፣ በኛ ኮንሰርት ፓርኪንግ እንኳን አይከፍልም (ያውም እኩለ ሌሊት አልፎ ለሚጀምር)።

እኔን የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። በዛው ዓመት መጨረሻ ለንደን ገብተው ሙሉ አልበም ሊቀዱ ነበር፣ ከረጅም ቱር ደክመው ስለነበር ስራው አላረካቸውም። እኛ ጋ ቢሆን ምን ይደረጋል? ከየትም ከየትም ተለቃቅሞ አስራ አራት ይሞላል። እነሱ ስድስቱን ብቻ ይዘው በ1989 ሁለተኛ ኢፒ አወጡ፣ በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው በ13 ዘፈን ሸጡት።

አገር ቤት ካሴት ከመጣ ወዲህ ስራ ማለት አልበም ሆነ፣ ኤ ሳይድና ቢ ሳይድ መሙላት አለበት፣ ሙዚቃ ቤቱ አንዴ ከፍሎ ይገላገላል፣ ዘፋኙ ደግሞ አምስት ስድስት ዓመት ጠፍቶ «አልበሜን እየሰራሁ ነው» ይልሃል። አሁን ካሴቱም ሲዲውም ሞቶ ሁሉም ዩቲዩብ ላይ ሆኖ እንኳን ያ ልማድ አልለቀቀንም። ወይ አንድ ነጠላ ዜማ ወይ አስራ አራት፣ መሃል የለም።

የፈረንጅ ነገር ነው እንዳትሉኝ ደግሞ። አምሃ እሸቴ በ1969 (በፈረንጆቹ) አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብቱ በሕግ የሀገር ፍቅር ቲያትር ነበር፣ እሱ ግን ደፍሮ ገባበትና ውጭ አገር እያሳተመ እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላ አወጣ። ባንድ ፊት አንድ ዘፈን፣ ገልበጥ ሲያደርጉት ሌላው፣ አለቀ። ሙሉ አልበሙ 12 ብቻ ነው። ዛሬ ወርቃማው ዘመን እያልን የምናለቅስለት ሙዚቃ አብዛኛው እንዲህ ሁለት ሁለት እየሆነ የወጣ ነው። ደርግ ሲመጣ አምሃም ተሰደደ፣ የት ቢባል እዚሁ ዋሽንግተን፣ ሬስቶራንት ከፍቶ ይሰራ ነበር፣ ያኔ የዲስኮርድ ልጆች ገና ተማሪዎች ናቸው።

በቅርብ የገዛሁት የአንድ ዘፋኛችን አልበም አለ፣ ስም አልጠራም። አምስቱን ዘፈን መኪና ውስጥ ደጋግሜ እሰማዋለሁ፣ እውነት አሪፍ ናቸው። የቀሩትን ግን ዘፋኙ ራሱ እዚህ መጥቶ መድረክ ሲወጣ አንዱንም አልነካቸውም።