የተረፉ ልጆችን ከሜዳ አታስወጡ

የእህቴ ልጅ የምትማርበት የግል ትምህርት ቤት በዚህ ወር ለወላጆች ደብዳቤ ልኳል። ከካንሰርና ከሌላ ከባድ ሕመም ያገገሙ ተማሪዎች «ለራሳቸው ደህንነት ሲባል» ዓመቱን ሙሉ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ እንዲቀሩ ተወስኗል። ልጅቷ የደም ካንሰር ሕክምናዋን ከጨረሰች ሁለት ዓመት አልፏል። ሐኪሟ «ሩጪ፣ ተጫወቺ» ብሏታል። ትምህርት ቤቱ ሐኪሙንም እናቷንም አልጠየቀም።

እህቴ ሄዳ ስታናግራቸው ርዕሰ መምህሩ የሰጡት መልስ ደግሞ ጭራሽ አናደደኝ። «ያላትን አቅም ለትምህርቷ ትቆጥብ» አሏት።

አቅም ተቀምጦ አይቆጠብም! ከካንሰር ሕክምና በኋላ የሚቀረው ድካም ተኝተው የሚገላገሉት አይደለም። ልጅ በተቀመጠ ቁጥር ጡንቻው ይሰልላል። ጡንቻው ሲሰልል ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ሲያቅተው ተመልሶ ይቀመጣል። ይህን ድካም በማቃለል ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ነገሮች አንዱ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ርዕሰ መምህሩን የሚያሳስባቸው ትምህርቷ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ልጅቷን ወደ ሜዳ መላክ ነበረባቸው።

እነዚህ ልጆች ምን ወስደው እንደዳኑ የሚያስብ ሰው ያለ አይመስልም። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የኬሞ (የካንሰር) መድኃኒት ካንሰሩን ሲገድል የልብ ጡንቻንም ሊጎዳ ይችላል። ቪንክሪስቲን የሚባለው ሌላው መድኃኒት ነርቭ ይነካል፤ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ልጅ አለ። ለወራት የሚወሰድ ስቴሮይድ አጥንት ያሳሳል፣ ጡንቻ ያደክማል። ልብ፣ ጡንቻ፣ አጥንት። ሦስቱም ካልሠሩ ይብሱን የሚደክሙ ናቸው። ታዲያ መድኃኒቱ የጀመረውን ጉዳት ወንበር ይጨርሰው?

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካው ሴንት ጁድ ሆስፒታል በኩል የወጣ ጥናት በልጅነታቸው ከካንሰር የተረፉ ሰዎችን አይቷል። አማካይ ዕድሜያቸው 30ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ከመካከላቸው አቅም ያጡት ድርሻ ግን ከ65 ዓመት በላይ በሆኑ አረጋውያን ላይ ከሚታየው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሌላ ጥናት 15,450 የተረፉ ሰዎችን የተከታተለ ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ እንቅስቃሴያቸውን የጨመሩት፣ ሳይንቀሳቀሱ ከቀሩት ጋር ሲነጻጸሩ የሞት መጠናቸው በ40 በመቶ ያነሰ ነበር። አርባ በመቶ! ይህን ያህል የሚያደርግ ክኒን ቢገኝ ኖሮ ወላጅ ሁሉ ፋርማሲ በር ላይ ያድር ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያ ደግሞ ገና ኬሞ እየወሰዱ ያሉ ሕፃናት እንኳን በአቅማቸው እንዲንቀሳቀሱ ይላል። የእኛዋ ልጅ ግን ጨርሳ፣ ፀጉሯ አድጎ፣ ገመድ መዝለል ጀምራ ሳለ «አርፈሽ ተቀመጪ» ተባለች።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ፤ አልክድም። ልቡ የተዳከመ አለ፣ የዳሌ አጥንቱ የተጎዳ አለ። እሱን የሚወስነው ግን የልብ አልትራሳውንዱን ያየ ሐኪም ነው። የትምህርት ቤት ጸሐፊ በጅምላ ደብዳቤ አይወስነውም።

«ብትወድቅስ ማን ይጠየቃል?» ብለዋል ርዕሰ መምህሩ። የነገሩ ሥር ይኸው ነው። ደህንነት የተባለው የትምህርት ቤቱ ደህንነት ነው። ልጅ ይወድቃል፣ ጉልበቱ ይላጣል፣ ይነሳል። የክፍል ጓደኞቿ በየቀኑ ይወድቃሉ፤ ማንም ደብዳቤ አልጻፈላቸውም።

ስለ ኑሮዋ ደግሞ ማን ያስብላት? ያን ሁሉ ጊዜ ሆስፒታል ስትመላለስ ጓደኞቿ ያለ እሷ ተጫውተዋል። አሁን ተመልሳ የሌሎችን ቦርሳ ትጠብቃለች። መምህራን እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጡላታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባስጀመረው ዘመቻ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ ካንሰር ከሚይዛቸው ልጆች ቢያንስ 60 በመቶው እንዲተርፉ ግብ አስቀምጧል። የተረፈውን ልጅ ሜዳ ዳር የምናስቀምጠው ከሆነ ምን ሊኖር ነው የተረፈው?

ትምህርት ቤቱ ደብዳቤውን ዛሬውኑ ይሰብስብ። ወላጆችም እንዳትፈርሙበት። ከልጃችሁ ሐኪም አንድ ገጽ አጽፋችሁ ለስፖርት መምህሩ በእጁ ስጡት፤ የተከለከለው በስም ይጻፍ፣ ያልተጻፈው ሁሉ ለልጁ ይፈቀድለት።