ንባቡን መልሱልን

ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲዞር የከረመውን ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። አንድ ፓስተር መድረክ ላይ ቆሞ፣ እሑድ እሑድ በጉባኤው ፊት ይነበብ የነበረው የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ ከፕሮግራሙ መውጣቱን ይናገራል። በምትኩ ጠዋት ጠዋት "የዕለቱ ቃል" በቴሌግራም ይላክላችኋል አለ። ምክንያቱንም ደረደረ። አንደኛ፣ ሰዓት አይበቃንም። ሁለተኛ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በሁሉም ሰው ስልክ ውስጥ አለ። ሦስተኛውን ሲናገር ድምፁን ከፍ አደረገ፦ "በየቀኑ ምዕራፍ መቁጠር ሃይማኖተኝነት ነው። ፊደል ይገድላል፤ መንፈስ ግን ሕይወትን ይሰጣል!" አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

እኔን ያንገበገበኝ ጭብጨባው ነው። አንድ አገልጋይ ሊሳሳት ይችላል፤ ይመከራል፣ ይመለሳል። አዳራሽ ሙሉ ክርስቲያን "ከዛሬ ጀምሮ ቃሉ አይነበብላችሁም" ሲባል እልል ካለ ግን ነገሩ ሥር ሰዷል። ያ ሕዝብ ምን እንደተወሰደበት እንኳ አላወቀም።

ከሦስተኛው ምክንያት ልጀምር፤ ከሁሉም ባዶው እሱ ነው። ጥቅሱ ያለው 2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 3 ላይ ነው። ጳውሎስ እዚያ የሚያወራው በድንጋይ ጽላት ላይ ስለተቀረጸው ሕግ፣ ስለ ሙሴ አገልግሎትና ስለ አዲሱ ኪዳን ክብር ነው። ጠዋት ተነሥቶ መጽሐፍ ስለማንበብ አንድም ነገር አልተናገረም። ምዕራፉ 18 ቁጥር ብቻ ነው። ፓስተሩ ያን ዕለት ለጉባኤው ቢያነብበው ኖሮ የራሱን ስብከት ያፈርስበት ነበር።

ይኸው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ መልእክት መጨረሻ ላይ ምን አለ? ደብዳቤው ለወንድሞች ሁሉ እንዲነበብ በጌታ አማላቸው። ልብ በሉ፤ አማላቸው። ለቈላስይስ ሰዎችም ደብዳቤው እነሱ ዘንድ ከተነበበ በኋላ በሎዶቅያም እንዲነበብ አዘዘ። ለጢሞቴዎስ "እስክመጣ ድረስ ለማንበብና ለመምከር ለማስተማርም ተጠንቀቅ" ብሎ ጻፈለት። ከምክሩም ከትምህርቱም ያስቀደመው ንባቡን ነው። ዕድሜው አልቆ፣ እስር ቤት ተቀምጦ ሞቱን ሲጠብቅ ደግሞ ካባውንና መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም የብራናዎቹን፣ አምጣልኝ አለ። የመንፈስ ሰው ማለት እሱ ነው። ሊሞት ሲል እንኳ መጽሐፍ ይፈልጋል። የእኛ ዘመን ሰባኪ ታዲያ ከጳውሎስ በላይ መንፈሳዊ ሆኖ ነው ንባብ የማያስፈልገው?

ከምዕራፍ ላይ አንዲት ቁጥር ቆርጦ "ምዕራፍ አታንብቡ" ለማለት መጠቀም ድፍረት ነው። ሌላ ስም የለውም።

የሰዓቱ ነገር ብዙ አያነጋግርም። አንድ ምዕራፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ አምስት ደቂቃ፣ ግፋ ቢል ሰባት ደቂቃ ይወስዳል። ነህምያ 8 ላይ ዕዝራ በውኃው በር ፊት ለፊት ቆሞ ከማለዳ እስከ ቀትር አነበበ። ሕዝቡም ቆሞ ሰማ፣ አለቀሰም። በእኛ ጉባኤ ማስታወቂያው ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሰዓቱማ አለ።

የስልኩም ነገር እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ስልክ ውስጥ መኖሩ አነበብነው ማለት አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱሱና በቲክቶኩ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ጣት ነው። ጣታችን ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በየቀኑ፣ በተርታ፣ ሳይመርጥ የማያነብ አማኝ ጥቅስ በሚመርጥ ሰው እጅ ይወድቃል። ምን እንደሚሰማ ሌላው ይወስንለታል። ከዚያም የከፋው፣ ምን እንደማይሰማም ያው ሰው ይወስንለታል።

ሁላችንም የምናውቀውን እንውሰድ። መስከረም ሲጠባ በየአጥቢያው "የዓመቱ ቃል" ይወጣል። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታተማል። ዓመቱ የመውጣት፣ የመስፋት፣ የከፍታ ዓመት ነው ተብሎ ይታወጃል። ከሥሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤርምያስ 29፥11 ይጻፋል። ለእናንተ የማስባት አሳብ የሰላም እንጂ የክፉ ነገር አይደለም፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችኋለሁ የሚለው ማለት ነው። ውብ ቃል ነው፤ የእግዚአብሔር ቃል ነው። እስቲ ግን መጽሐፉን ክፈቱና ከምዕራፍ 28 ጀምራችሁ አንብቡ።

ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንንና ብዙ ሕዝብ ማርኮ ባቢሎን ወስዷል። የቤተ መቅደሱንም ዕቃ ዘርፏል። ከገባዖን የመጣ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በቤተ መቅደሱ ተነሥቶ "በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል" ብሎ ተነበየ። ሕዝብ ሊሰማው የሚፈልገውን ነው የተናገረው። ኤርምያስ የባቢሎን አገዛዝ ምልክት አድርጎ የተሸከመውን ቀንበር ከአንገቱ ወስዶ በሰው ሁሉ ፊት ሰበረው። መቼም ያን ጊዜ ስክሪንና ካሜራ ቢኖር ቪዲዮው አገር ምድሩን ያዳርስ ነበር። እግዚአብሔር ግን በኤርምያስ አፍ "አልላክሁህም፤ ይህን ሕዝብ በሐሰት እንዲታመን አድርገሃል" አለው። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ።

ምዕራፍ 29 ደግሞ ለምርኮኞቹ የተላከ ደብዳቤ ነው። ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ ይላቸዋል። አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል። ቁጥር 8 ላይ ነቢያቶቻችሁ አያታልሉአችሁ ይላል። ቁጥር 10 ላይ ደግሞ የምጎበኛችሁ ሰባው ዓመት ሲፈጸም ነው ይላል። ሰባ ዓመት! ደብዳቤውን ከሰሙት ትልልቅ ሰዎች አብዛኞቹ ባቢሎን ውስጥ ያረጃሉ፣ እዚያው ይቀበራሉ ማለት ነው። ቁጥር 11 የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ተስፋው ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው ይደርሳል።

እንግዲህ አስቡት። ደብዳቤው የተጻፈው "ቶሎ ትወጣላችሁ፣ ዘመናችሁ ደርሷል" የሚሉ ነቢያትን ለመቃወም ነው። እኛ ከዚያው ደብዳቤ አንድ መስመር ቆርጠን "ዘንድሮ ትወጣላችሁ" የሚል ባነር እናሠራለን። በኤርምያስ ቃል የሐናንያን ስብከት እንሰብካለን። ቁጥር 8ን ያነበበ ሰው በዚያ ባነር ሥር ቆሞ ፎቶ አይነሣም።

በእኛ የቤት ለቤት ኅብረት አንዲት እናት አሉ። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። መነጽራቸውን በክር አስረው፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ። ዝግ ይላሉ፤ ግን አይዘሉም። አንድ ጊዜ ወጣቱ መሪያችን ይህንኑ ጥቅስ ይዞ መጣና የዓመቱ ቃላችን ነው አለ። እሳቸው ቀና ብለው አዩትና "ልጄ፣ ከላይ ያለውን ለምን ዘለልከው? ሰባ ዓመት ይላል እኮ" አሉት። ልጁ ዝም አለ። "እኔ ያንን አልደርስበትም። ቢሆንም ቃሉ እውነት ነው። እስከዚያው ለከተማይቱ ጸልዩ ይላል፤ እንጸልይ" አሉ። ያን ማታ የጸለይነው ለአዲስ አበባ፣ በየመጠለያው ላሉ ተፈናቃዮች፣ ሥራ ላጡ የሰፈር ልጆች ነበር። መክበር መስፋት የሚል ቃል ከማናችንም አፍ አልወጣም።

እኚህን እናት የትኛውም ነቢይ አያታልላቸውም። በቴሌግራም የሚመጣ ጥቅስም አይበቃቸውም። መቼም የሚላከውን ታውቁታላችሁ። ከኋላ የምትወጣ ፀሐይ አለች፣ ፊት ለፊት በቢጫ ቀለም የተጻፈ ግማሽ ቁጥር አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከጥቅሱ የሚተልቅ የሰባኪው ፎቶ አለ። ከሥር "አሜን፣ እቀበላለሁ" እየተባለ ይወርዳል። ምኑን እንደተቀበሉ ቢጠየቁ ስንቶቹ ይመልሳሉ? ጉርሻ የፍቅር ነው፤ ዕድሜ ልኩን በሰው እጅ ብቻ እየጎረሰ የሚኖር ሰው ግን ወይ ሕፃን ነው ወይ በሽተኛ ነው።

ዋጋውንም እያየነው ነው። ነቢይ "ዝራ" ስላለው መኪናውን ሸጦ የሰጠ ሰው የማያውቅ ማን አለ? ተፈውሰሻል ተብላ መድኃኒቷን ያቋረጠች እህትስ? ከእነዚህ አንዱ እንኳ አዲስ ኪዳንን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ቢሆን ኖሮ በዚህ መንገድ አይወሰድም ነበር ብዬ አምናለሁ። የሐዋርያት ሥራ 17 ላይ የቤርያ ሰዎች ጳውሎስ የሰበከውን "እንዲሁ ይሆንን" ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። የተመረመረው ጳውሎስ ነው! አልተቆጣም። "የተቀባውን አትንኩ" ብሎ አላስፈራራቸውም። ሉቃስም ልበ ሰፊዎች ብሎ አመሰገናቸው። ሕዝቡ እንዳያነብ የሚያደርግ አገልጋይ መመርመርን ፈርቷል። እንዲህ ማለቴ የሚያስቀይመው ካለ ይቀየም።

"የጥንቶቹ አማኞች ምን መጽሐፍ ነበራቸውና፣ በመንፈስ ነው ያደጉት" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቪዲዮው ሥርም ብዙዎች ይህን ጽፈዋል። እንግዲያው ወላይታን እናንሣ። በ1929 ዓ.ም ጣሊያን ሚስዮናውያኑን ከሶዶ ሲያስወጣ የተጠመቁት ወላይታዎች 48 ነበሩ። በቋንቋቸው በእጃቸው የቀረው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ምንባቦች ናቸው። እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎች ታሰሩ፣ በአደባባይ ተገረፉ። ከጦርነቱ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ 10,000 ገደማ አማኝ ጠበቃቸው። መንፈስ ቅዱስ ነው ያሳደጋቸው? አዎ፣ እሱ ነው። ግን በምን? ያቺን አንዲት ወንጌል ማንበብ የሚችል ሰው ለማይችሉት ያነብ ነበር፤ ሰሚዎቹ በቃላቸው ይዘው ለሌላው ያደርሱ ነበር። እነሱ ከጥቂቶቹ ምንባቦች ሌላ የማርቆስ 16 ምዕራፍ ብቻ ነበራቸው፤ አንዷንም አልጣሏትም። እኛ 66 መጻሕፍት ይዘን አንዲት ምዕራፍ ከበደችን።

በደርግ ጊዜም እንደዚሁ ነው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አዳራሾች በ1974 ዓ.ም ሲታሸጉ ምእመኑ በየቤቱ አምስትም ስድስትም እየሆነ ተከፋፈለ። መጋረጃ ተዘግቶ፣ ድምፅ ተቀንሶ ቃሉ ይጠና ነበር። መዝሙር በሹክሹክታ ነው፣ መድረክ የለም፣ ሳውንድ ሲስተም የለም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከዚያ ዘመን ብዙ እጥፍ ሆና ነው የወጣችው። ያ ትውልድ ዛሬም በሕይወት አለ። ሂዱና ጠይቁት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከወገኖቼ አንዳንዱን እንደማያስደስት አውቃለሁ። ኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንን "ቃሉን አያውቁም" እያልን ስንተች ኖረናል። በቅዳሴያቸው ግን ከጳውሎስ መልእክት ይነበባል፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት ይነበባል፣ ከሐዋርያት ሥራ ይነበባል፤ ወንጌል ሲነበብ ሁሉም ይቆማል። የየቀኑን ምንባብ የሚያሳይ ግጻዌ አላቸው። ስንቱ አባት፣ ስንቷ እናት የሰኞውን ዳዊት ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ እየደገሙ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል። "መጽሐፍ ብቻ" እያለ ያደገው የእኛ ቤት ነው ዛሬ ከጉባኤው መጽሐፉን የሚያስወጣው። ይህ ሊያሳፍረን ይገባል።

የጥሞና ጊዜውን ለቁጥር ብቻ የሚያደርግ፣ ምዕራፍ ጨርሶ ምልክት አድርጎ የሚነሣ ሰው የለም አልልም። አለ። እሱም ያንብብ። ዛሬ ባይገባው ነገ የሚገባው ያነበበውን ነው።

በቀን ብዙ ይከብዳል ለምትሉ፣ አዲስ ኪዳን 260 ምዕራፍ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን አንድ ምዕራፍ ብታነቡ በ52 ሳምንት ያልቃል። ቅዳሜና እሑድ ያመለጣችሁን ትሞሉበታላችሁ። መጽሐፉን በሙሉ በዓመት ለመጨረስ የሚፈልግ 1,189 ምዕራፍ ይጠብቀዋል፤ በቀን ከሦስት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም ሰው ይህ ጊዜ አለው። ማንበብ የማይችሉም በድምፅ የተቀዳውን መስማት ይችላሉ።

የዚያ አጥቢያ ሽማግሌዎች ይህን ካነበባችሁ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ውሳኔውን ሻሩት። በሚመጣው እሑድ ከማርቆስ ምዕራፍ አንድ ጀምሩ። በሳምንት አንድ ምዕራፍ፣ ሳይመረጥ፣ ሳይዘለል፣ ከጉባኤው መካከል የተነሣ ሰው ያንብብ። አንድ ጊዜ ወጣት፣ አንድ ጊዜ እናት ትነሣ። በአራት ወር ውስጥ ትጨርሱታላችሁ። ሰዓት ካጠረ ከማስታወቂያው ይቀነስ።