ባንዱ ከተመለሰ ድምፅ ማጉያው ይዘጋ
ትናንት ማታ ትዕግሥቴ አለቀ። የተማሪዎቹ የሙዚቃ ባንድ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ተመለሰ ሲባል ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮና በወረርሽኙ ምክንያት ከተሰረዘ ወዲህ ያ የትሮምቦን ድምፅ በጣም ናፍቆኝ ነበርና። ታዲያ ላያስነፏቸው ለምን መለሷቸው? በወንዶቹ ግጥሚያ የየአጋማሹ ሰዓት ከ16፣ ከ12፣ ከ8 እና ከ4 ደቂቃ በታች ሲወርድ ጨዋታው ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይቆማል፤ የባንዱ ጊዜ ያ ነበር። ትናንት አንዲት ትራምፔት ነፊ ልጅ አየር ስባ፣ መሣሪያውን ከከንፈሯ አገናኝታ የመሪዋን እጅ ስትጠብቅ፣ የፒዛ ማስታወቂያ አዳራሹን አናወጠው። ትራምፔቱን ጭኗ ላይ መለሰችው። አራት ጊዜ! ከጥናት ሰዓታቸው ቀንሰው የተለማመዱ ልጆች እኮ ናቸው። የተቀዳ ሙዚቃ ለመስማትማ ማን ከቤቱ ይወጣል?