ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይ፣ አዲስ አበባ አከራይ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሐበሻ ውሉ ሊያልቅ ሦስት ወር ገደማ ሲቀረው ከአፓርትመንቱ ቢሮ ኢሜይል ይመጣለታል። አዲሱ ኪራይ ይህን ያህል ነው፣ እስከዚህ ቀን ይፈርሙ፣ አለቀ። ጎሮ ወይም ሳሪስ ላለ ተከራይ ግን ወሬው የሚደርሰው በር ላይ ነው። "ልጄ፣ ኑሮውን እንደምታየው ነው፤ ከመጪው ወር ጀምሮ ሦስት ሺህ ብር ጨምርልኝ" ይላሉ የቤቱ ባለቤት፣ የቡና ሲኒ እንደያዙ። የመጀመሪያው የሚከራከረው መልኩን ከማያውቀው ድርጅት ጋር ነው፤ ሁለተኛው ፋሲካን አብሮ ከሚፈስክ ሰው ጋር። ሁለቱም በአብዛኛው "እሺ" ይላሉ፣ ከ"እሺ" በፊት ምን መጠየቅ እንደሚችሉ ስለማያውቁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ እንጀምር። ከተማዋ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የጭማሪ ጣሪያ የሚያስቀምጥ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2023 አጽድቆ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ተግባራዊ አድርጎታል። ስሌቱ የዓመቱ የዋጋ ንረት ሲደመር 3 በመቶ ነው፤ ድምሩ ግን ከ6 በመቶ አያልፍም። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 6 በመቶ ነበር፣ ከጁላይ 2025 እስከ ጁን 2026 የተቀመጠው ደግሞ 5.7። ጭማሪው በ12 ወር አንዴ ብቻ ነው፤ ማስታወቂያውም ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ መድረስ አለበት። እንግዲህ 1,900 ዶላር የሚከፍል ሰው በ6 በመቶ ስሌት ጭማሪው 114 ዶላር ነው፣ አዲሱ ኪራይ 2,014። ኢሜይሉ 2,150 ካለ ጭማሪው 13 በመቶ ሆኗል ማለት ነው፤ ያኔ ልመና ሳይሆን አቤቱታ ነው የሚያስፈልገው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሕጉ ቤቱን ይመለከት እንደሆነ ሳያጣራ ጣሪያውን በመጥቀሱ ነው። ሕንፃው አገልግሎት መስጠት ከጀመረ 23 ዓመት ካልሞላው ጣሪያው አይነካውም። በካውንቲው ውስጥ ከሁለት የማይበልጥ ቤት የሚያከራይ ግለሰብም ነፃ ነው፤ የሐበሻ ቤዝመንት (ምድር ቤት) የተከራየ ሐበሻ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሕንፃውን ዕድሜ፣ ቀጥሎ የደብዳቤውን ቀን፣ ከዚያ ወዲያ ነው መቶኛውን ማስላት። ከ90 ቀን አንድ ሳምንት ያነሰ ማስታወቂያ እንኳ ጭማሪው የሚጀምርበትን ቀን ሊያስገፋ ይችላል። ኢሜይሉን ደግሞ ከእነቀኑ ማስቀመጥ ነው፤ ስልክ ደውሎ መጨቃጨቅ ማስረጃ አይሆንም።

ሌላ ሲታለፍ የሚታይ ነገር አለ። የካውንቲው ሕግ አከራዩ፣ በቂ ምክንያት ከሌለው በቀር፣ ውል ሲታደስ የሁለት ዓመት አማራጭ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ብዙ ቢሮዎች ግን ስክሪኑ ላይ 12 ወርን ቀድመው መርጠው ይልኩና ሰው እሱን ተጭኖ ያልፋል። ኪራዩ ለሁለቱም ዓመት ተቆርጦ የሚገባ ከሆነ የሁለት ዓመቱ ውል አንድ የጭማሪ ወቅት ያዘልላል። በውሉ መሃል ከተማውን ለቅቆ ለመሄድ ለሚያስብ ግን አይመከርም፤ ውል ማፍረስ ገንዘብ ያስወጣል።

ዋሽንግተን ዲሲ ከገባችሁ ጨዋታው ይለወጣል። እዚያ የኪራይ ቁጥጥሩ የቆየ ነው፤ ሕጉ የ1985 ነው። የግንባታ ፈቃዳቸው ከ1975 በኋላ የወጣ ሕንፃዎች እና አራት ወይም ከዚያ ያነሰ ቤት ያላቸው ግለሰቦች ነፃ ናቸው፤ ሌሎቹ ላይ ዕድሜው 62 ለሞላ ወይም አካል ጉዳተኛ ለሆነ ተከራይ ጣሪያው ከሌላው ሰው ዝቅ ይላል። ይህ ግን ራሱ አይመጣም፣ ተከራዩ ቅጽ ሞልቶ መመዝገብ አለበት። ስንት አረጋውያን እናቶችና አባቶች ይህን ቅጽ ሳይሞሉ የጎልማሳ ጭማሪ እየከፈሉ እንደሚኖሩ እግዜር ይወቀው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ዲሲ ውስጥ የውል ዘመን ማለቁ ብቻውን ማስወጫ ምክንያት አለመሆኑ ነው። አዲስ ውል አልፈርምም ያለ ተከራይ በነበረው ውል ከወር ወደ ወር ይቀጥላል። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥበቃ የለም፤ አከራዩ ተገቢውን ማስታወቂያ ሰጥቶ፣ ምክንያት ሳይጠቅስ "አላድስም" ማለት ይችላል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ሐበሻ ደግሞ ጣሪያ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። ቨርጂኒያ ውስጥ አከራዩ ከአራት ቤት በላይ ካለውና ውሉ የመታደስ አንቀጽ ካለበት ጭማሪውን ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ መጠኑ ግን የራሱ ጉዳይ ነው። አጭር መንገድ፣ ሦስት ሕግ።

ጣሪያ በሌለበት የሚቀረው ድርድር ነው፣ ድርድር ደግሞ ቁጥር ይፈልጋል። የዚያው ሕንፃ ድረ ገጽ ላይ ለአዲስ ገቢ የሚሰጠውን ዋጋ ማየት ነው። ያው ዓይነት ቤት 2,100 ዶላር፣ የመጀመሪያው ወር ነፃ ተብሎ ከተለጠፈ፣ አዲሱ ሰው በዓመት የሚከፍለው 23,100 ነው፤ ለ12 ሲካፈል 1,925 ይሆናል። ነባሩ ተከራይ በ6 በመቶው ጭማሪ 2,014 ሲጠየቅ ከጎረቤቱ በወር 89 ዶላር በላይ እየከፈለ ነው። ይህን ስሌት በሁለት መስመር ጽፎ፣ በሰዓቱ የከፈለበትን ታሪክ አያይዞ ለሥራ አስኪያጁ መላክ ብዙ ጊዜ መልስ ያስገኛል፤ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢያድር የሚያጡትን እነሱም ያውቁታል። የ12 ወሩ ካልቀነሰ የ13 ወይም የ15 ወሩን ዋጋ መጠየቅ ነው፣ ውላቸው በበረዶው ወቅት እንዳያልቅ ሲሉ ለአንዳንዱ ወር ይቀንሳሉና።

መደረግ የሌለበት ደግሞ ተናድዶ ኪራይ ማቆም ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የመዘግየት ቅጣቱ እስከ 5 በመቶ ይደርሳል፣ ክሱም ፈጥኖ ይመጣል፤ ፍርድ ቤት የገባ የኪራይ መዝገብ ቀጣዩን ቤት ስትጠይቁ ይከተላችኋል። የማያከራክረውን እየከፈሉ ለካውንቲው የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ ማመልከት ነው። ማመልከቻው ነፃ ነው፤ አከራዩ ስላመለከቱ ብሎ ቢበቀል ያም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት። "እዚያ ሕግ የለም" የሚለው የዲያስፖራ ወሬ ጊዜው ያለፈበት ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ወረቀቱ ላይ ያለው መብት ከቨርጂኒያው ይበልጣል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም። ጭማሪ በዓመት አንዴ ሲሆን ተቆጣጣሪው አካል ከሚያወጣው መጠን አያልፍም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ የስድስት ወር አምጡ ማለት ቀርቷል፣ ቢያንስ በወረቀት። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።

ታዲያ ሕጉ የት ላይ ይሰነካከላል? ውሉ ላይ በሚጻፈው ቁጥር። አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብሩን ለመቀነስ 15,000 ብር የሚያከራየውን ቤት 6,000 ብሎ ያስጽፋል። ስድስቱ ሺህ በባንክ ይገባል፣ ዘጠኙ ሺህ በእጅ ይሰጣል። ደላላው መሃል ቆሞ "ሁሉም እንዲህ ነው" ይላል፤ እውነትም ብዙው እንዲህ ነው። ዓመት ሞልቶ አከራዩ 18,000 ሲጠይቅ ተከራዩ ወረዳ ቢሄድ የሚታየው 6,000 የሚል ወረቀት ነው። ሲታይ የጠቀመው ይመስላል። ነገር ግን ውሸቱን አብሮ ፈርሟል፣ ዘጠኝ ሺውን ለመክፈሉም ማስረጃ የለውም። አከራዩም ወረዳ መቅረብ ስለማይችል ሌላ መንገድ ይመርጣል፦ "ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ"፣ "ልሸጠው ነው"። ግቢ ውስጥ አብሮ የሚኖር ከሆነ ደግሞ የውሃው መዝጊያና የቆጣሪው ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ተከራይ ክርክሩን የሚያሸንፈው ጭማሪ ሲጠየቅ ሳይሆን ቤቱን ሲገባ ነው። ትክክለኛው ዋጋ ይጻፍ ብሎ መጽናት፤ የማከራየት መብቱን የሚያሳይ ካርታ ወይም ውክልና ማየት፤ የውሃና የመብራት ቆጣሪ የማን እንደሆነና ሒሳቡ እንዴት እንደሚካፈል ማስጻፍ፤ ወረዳ ወስዶ ማስመዝገብና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ መያዝ። ባንክ ሲያስገቡ ምክንያቱ ላይ "የመስከረም ኪራይ" ብሎ ወሩን መጻፍም አይረሳ። ከዚያ በኋላ እትዬ ጭማሪ ሲጠይቁ መልሱ "አይሆንም" መሆን የለበትም፤ "እሺ እትዬ፣ የተፈቀደውን ያህል፤ ወረዳ ሄደን እናስመዝግበው" ማለት ቡናውንም ጉርብትናውንም አያበላሽም። ቤት ጠፍቶ ባለበት ከተማ ይህን ለማለት ድፍረት እንደሚጠይቅ አይካድም። ዋጋን ዝም ብሎ ማሰርም ዕዳ አለው፦ በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱትና በጥቂት ብር የተከራዩት የቀበሌ ቤቶች ለአሥርት ዓመታት ማን እንደጠገናቸው ጣሪያቸውን ያየ ያውቀዋል።

ሞንትጎመሪ ላይ በ5.7 በመቶ የሚከራከረው ያው ሰው አያት ወይም ሰሚት ኮንዶሚኒየም አለው፣ በወንድሙ በኩል ያከራየው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 20,000 ብር ኪራይ 350 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከ200 በታች ወረደ። ያኔ ባለቤቱ ስልኩን አንስቶ ለወንድሙ "እጥፍ አድርገው" ይላል። ተከራዩ ግን ደመወዙን የሚቀበለው በብር ነው፣ አዋጁም ምንዛሬን የጭማሪ ምክንያት አድርጎ አያውቅም። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አከራዩ "የባንክ ወለዴ ጨመረ" ብሎ 13 በመቶ ቢጠይቀው ይኸው ሰው ቀድሞ የሚያመለክተው ነበር።

ከውጭ ሆኖ ለሚያከራይ መፍትሔው ከባድ አይደለም። ውክልናው ኤምባሲ ሲሠራ "የማከራየት፣ ውል የመፈረም፣ የማስመዝገብ፣ ኪራይ የመቀበል" የሚሉት ሥልጣኖች በግልጽ ይጻፉ፤ ጥቅል ውክልና ወረዳ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። አገር ቤት ሲደርስም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል ያልፋል። ኪራዩ በባለቤቱ ስም ባለ ሒሳብ ይግባ። እውነተኛው ዋጋ ተጽፎ ግብሩ ከተከፈለ፣ የሚፈቀደው ጭማሪ የሚሰላው በእውነተኛው ዋጋ ላይ ነው፤ 6,000 ያስጻፈ ሰው የሚጨምረውም በስድስት ሺው ላይ ነው።