ያመለጠው ዓሣ ወሬ

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። አገሩ ሐይቅ በሐይቅ ነው፣ ከ10,000 በላይ አለ። ግንቦት ላይ የዓሣ ማጥመጃው ወቅት ሲከፈት ሰው ሁሉ እንደኛ የጥምቀት ዋዜማ ወደ ውሃ ይነቅላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፈቃዱን ኪሱ ውስጥ፣ ዓሣ የሚለካበትን ማስመሪያ ሣጥኑ ውስጥ አድርጎ ይወጣል። ሰኞ ሲመለስ ታዲያ የሚያወራኝ ስለያዘው አይደለም፣ ስላመለጠው ነው። ነፋሱ ከየት ይነፍስ እንደነበር፣ ክሩ እጁ ላይ እንዴት እንደከበደው፣ እንዴት እንደተበጠሰ፣ ቡናችን እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያወራል።

መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። ኋላ የፈረንጆቹን የዓሣ ማጥመድና የአደን መጽሐፎች ማንበብ ስጀምር ገባኝ። እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን በ1653 ስለ ዓሣ ማጥመድ የጻፈው ዛሬም ይታተማል። ጂም ኮርቤት ሕንድ ውስጥ ሰው በላ ነብሮችን ስላደነበት ዘመን በ1944 ሲጽፍ፣ ዱካውን፣ የጦጣዎቹን ጩኸት፣ የራሱን ፍርሃት ሳይደብቅ ይተርካል። ተኩሱ አጭር ነው። መንገዱ ነው ረጅሙ።

ጎንደር ያደግን ሰዎች ደግሞ አደንን የምናውቀው በፉከራ ነው። ሠርግ ላይ አንዱ ዱላውን እየነቀነቀ «ዘራፍ!» ሲል እኔ እስከ ዛሬ ጸጉሬ ይቆማል። ዝሆን ገዳይ፣ ጎሽ ገዳይ፣ አንበሳ ገዳይ ይወደሳል። ግን ፉከራ ግዳዩን ያነሳና መንገዱን ይተወዋል። ሰውየው ስንት ቀን ዱካ ተከተለ? ቆላው ውስጥ ውሃ የት አገኘ? ስቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ለታስ ምን ተሰማው? ስቶ የተመለሰ አይፎክርማ።

በጣም የሚቆጨኝ ይኼ ነው። የኛን ዝሆን አዳኞች በዝርዝር ጽፎ ያገኘሁት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። በ1770 ጎንደር ገባ፣ መጽሐፉ በ1790 ታተመ። ወደ ሱዳን ሲወርድ ቆላ ላይ ያየውን እንዲህ ይተርካል። ሁለት ሰዎች ቁጥቋጦ እንዳይዛቸው ራቁታቸውን አንድ ፈረስ ላይ ይፈናጠጣሉ። የፊተኛው ዝሆኑ ፊት ይደርስና ስሙንና የፈረሱን ስም ይነግረዋል፣ አባትህን እዚያ ገድዬዋለሁ፣ አያትህን እዚህ፣ አሁን ደግሞ አንተን ልገድል መጣሁ እያለ። ዝሆኑ በንዴት ሲያሳድደው የኋለኛው ጎራዴውን ይዞ ሸርተት ብሎ ይወርድና ቋንጃውን ይቆርጠዋል። ፈረሰኛው ዞሮ ይመጣና ጓደኛውን አፈፍ አድርጎ ይጭነዋል።

ይኼን ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው፣ መውረጃዬ አለፈኝ። ፉከራው እኮ የኛው ነው! ቃል በቃል የሠርግ ቤት ፉከራ። እኛ ግን የጻፍነው የታል? አባታችሁ ወይም አያታችሁ ቋራ፣ አርማጭሆ፣ ወልቃይት ቆላ ያደኑ ከሆነ እባካችሁ ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ስንት ገደላችሁ ብላችሁ ሳይሆን፣ እንዴት ሄዳችሁ ብላችሁ።

ዓምና ነሐሴ ላይ ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ወርጄ ነበር። አንድ ሽማግሌ የደንገል ታንኳቸውን ለፀሐይ አቁመው አገኘኋቸው። «አባቴ፣ ዓሣው ቀንሷል ይላሉ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ክረምት መገጭ ሲደፈርስ ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ ይወጣል። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ከዘረጋህ እናቲቱን ከነልጆቿ ጨረስካት ማለት ነው።»

ጣና ውስጥ 15 ገደማ የሚሆኑ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ሌላ የትም የማይገኙ። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ወንዝ እንደሚወጡ አጥኚዎች ጽፈዋል። እሳቸው ግን ያወቁት ከታንኳቸው ላይ ሆነው ነው።

ከዚያ በወጣትነታቸው መረባቸውን ቀዶ ስለሄደ አምባዛ ነገሩኝ። በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። «እንዴት ነበር?» ስላቸው፣ «ያመለጠ ዓሣ ምን ወሬ አለው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁና ከመጀመሪያው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ሐይቁን አዩ። ደንጊያው ላይ ቁጭ አሉና ከነፋሱ ጀመሩ።