የጥንቶቹም ቢሆን በነጻ አልሮጡም

ስለ ኦሎምፒክ ያነበብኩት ጽሑፍ ደስ ይላል፤ አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። «የጥንት ግሪኮች ለክብር እንጂ ለጥቅም አይወዳደሩም ነበር» ይላል። ኧረ በፍጹም! እርግጥ የጥንቱ ኦሎምፒክ በሚካሄድባት በኦሎምፒያ ላይ የሚሰጠው የወይራ ቅጠል አክሊል ብቻ ነው። አገር ቤት የሚጠብቀው ግን ሌላ ነበር። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ የአቴንስ ሕግ አውጪ የሶሎን ሕግ ኦሎምፒያ ላይ ላሸነፈ አቴናዊ 500 ድራክማ (የግሪክ ገንዘብ) ይከፈለው ይላል። በከተማው ወጪ መብላቱም አለ።

ማጭበርበሩስ ቢሆን? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ388 ኤውፖሎስ የሚባል ከግሪክ ግዛት ከቴሳሊ የመጣ ቦክሰኛ ኦሎምፒያ ላይ ለሦስት ተጋጣሚዎቹ ጉቦ ሰጥቶ ተያዘ። ሰጪም ተቀባዮችም ተቀጡ። በቅጣቱ ገንዘብ ስድስት የነሐስ የዜኡስ (የግሪኮች ዋና አምላክ) ሐውልቶች ተሠርተው ወደ ስታዲየሙ በሚያስገባው መንገድ ዳር ተደረደሩ። አትሌቱ ለውድድር ሲገባ እነሱን እያየ ነው የሚያልፈው። ሐውልቶቹ ዛሬ የሉም፤ የቆሙባቸው ድንጋዮች ግን አሁንም እዚያው ናቸው።

ይሄ «አማተር» የሚሉት፣ ስፖርተኛ ያለ ክፍያ ይወዳደር የሚለው ነገር የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ጌቶች ፈሊጥ ነው። ሠርቶ አዳሪው ከእነሱ ጋር እንዳይወዳደር በደንብ ጠቅሟቸዋል። እነ ፈረንሳዊው ኩበርተን እ.ኤ.አ. በ1896 አቴንስ ላይ ዘመናዊውን ኦሎምፒክ ሲያስጀምሩ ይህንኑ ይዘው ገቡ። ጦሱ ለአሜሪካዊው አትሌት ለጂም ቶርፕ ተረፈ። በ1912 ስቶክሆልም ላይ ፔንታትሎንም (አምስት ውድድሮች ያሉት) ዴካትሎንም (አሥር ውድድሮች ያሉት) አሸነፈ። ከዚያ በፊት ለጥቂት ብር ቤዝቦል ተጫውተሃል ተብሎ ሁለቱንም ወርቅ ተነጠቀ። ለልጆቹ የተመለሰላቸው በ1983 ነው፣ እሱ ከሞተ 30 ዓመት ሊሞላው ሲል። ያውም ከሌሎች ጋር የጋራ አሸናፊ ተብሎ! ብቸኛ አሸናፊነቱ የተመለሰለት ገና በ2022 ነው።